ዘይት የማያንጠባጥብ ሞተር

ሳይበላሽ ሄዶ ሳይበላሽ የተመለሰ ሞተር ሳይክል ለባለቤቱ ምንም አልዋለለትም። ሰውየው ወጣ፣ ደረሰ፣ አቆመው፣ ራቱን በላ፤ በቃ። ሃምሳ ዓመት ቆይቶ ምኑን ሊያወራው ነው? ይህን ጥበብ የቀሰምኩት ለንደን ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌ የእንግሊዝ ሞተሮቻቸውን ይዘው ከሚሰበሰቡ ሽማግሌዎች ነው። “ይዘው” ያልኩት አስቤበት ነው። ነድተው የሚመጡ አሉ፣ ገፍተው የሚመጡ አሉ። በቫን አስጭነው መጥተው፣ ጥጉ ጋ ዞር ብለው አውርደው፣ ሄልሜታቸውን አጥልቀው ከሩቅ አገር ነድተው እንደገቡ የሚተነፍሱም አሉ።

ወሬያቸውን ልብ ብሎ ላዳመጠ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብልሽት ነው። አንዱ ዌልስ ተራራ ላይ ካቴናው የተበጠሰበትን ቀን ያነሣል። ሌላው በዶፍ ዝናብ መብራቱ ጠፍቶበት ከፊቱ የሚሄደውን የወተት መኪና ጭራ ይዞ የነዳበትን ሌሊት ያስታውሳል። ሌላው የሠርጉ ለት ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎ በሙሽራ ልብሱ ሞተር ገፍቷል። አንደኛው ደግሞ ከባለቤቴ ጋር የተዋወቅነው ሞተሬ ደጃፏ ላይ ቆሞብኝ ነው ብሎ ሊተርክ ሲጀምር፣ አጠገቡ የተቀመጡት እመቤት ሻያቸውን ፉት ብለው፣ “እስካሁንም አልተነሣም” አሉ።

እናቴ ስልክ ስትደውል ቅዳሜን የት እንደምውል ትጠይቀኛለች። “የተበላሹ ሞተሮች ሳይ” እላታለሁ።

“ጋራዥ ገባህ እንዴ?”

“አይ እማዬ፣ እንዲሁ ማየት ነው።”

“ይከፍሉሃል?”

“አይከፍሉም።”

ትንሽ ዝም ትልና፣ “ለመሆኑ ትበላለህ?” ትላለች።

አልፈርድባትም። እኔ ባደግሁበት ከተማ ዶቅዶቄ የነበረው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ከሩቅ ስንሰማው ከየቤታችን ወጥተን አቧራው ውስጥ የምንሮጠው እኛ ልጆች ነበርን። ቆሞ ሲገኝ ደግሞ ሜካኒኩን ከብበን ካንዴላ ሲያጸዳ፣ ካርቡራቶር ሲነፋ፣ ማርሚታ ሲያስር እናያለን። ያ አመል ለንደን ድረስ ተከትሎኝ መጣ እንጂ እኔ ራሴ የሞተር ባለቤት ሆኜ አላውቅም። ስለዚህ የማወራው እንደ ታዛቢ ነው፤ ዓመታቱንም ቀኖቹንም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።

የሽማግሌዎቹ መሰብሰቢያ ኤስ ካፌ ይባላል። በለንደን ሰሜናዊ ቀለበት መንገድ ዳር በ1938 ለመንገደኛ፣ በተለይም ለጭነት መኪና ሾፌሮች የተከፈተ ቤት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በቦምብ ተመታ፣ በ1949 እንደገና ተሠራ፣ በ1969 ተዘጋ፣ በ2001 ያኔ ጎረምሳ የነበሩት ደንበኞቹ ሽበት አብቅለው ሳለ እንደገና ተከፈተ። በደጉ ዘመን እዚህ ደጃፍ ላይ የሰው ልክ አንድ ብቻ ነበር፦ በሰዓት 100 ማይል። በእኛ ሲሰላ 160 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ይህን ያልገባ ወጣት ልጃገረድ ቀርቶ አስተናጋጅ ዞር ብላ አታየውም ነበር ይላሉ። የሚወራ ጨዋታም አለ። ሳንቲም የሚከተትበት የሙዚቃ ሣጥን ላይ አንድ ዘፈን ያስጀምሩና ወጥተው ሞተር ያስነሣሉ፤ እስከተባለው አደባባይ ደርሰው ዘፈኑ ሳያልቅ መመለስ አለባቸው። የዚያን ጊዜው የእነሱ ዘፈን ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በእኛ ዘፈን ቢሆን ኖሮ ማንም ባልተቸገረ፤ ድምፃዊው አፉን ሳይከፍት፣ ገና መግቢያው ሙዚቃ ላይ እያለ፣ ደርሰው ተመልሰው ሻይ ያዝዙ ነበር።

ስለ ፍጥነት ሲያወሩ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድ ሞተር ጋራዥ ውስጥ በቆመበት ፍጥነት ይጨምራል። ባለፈው ዓመት 95 ማይል የነበረው ዘንድሮ 108 ገብቷል፤ ባለቤቱ ዕድሜ ከሰጠው 120 መግባቱ አይቀርም። ለዚህ ደግሞ ፋብሪካዎቹም ጥፋተኞች ናቸው። ቪንሰንት የሚባለው ፋብሪካ በ1948 ብላክ ሻዶው ብሎ ያወጣት ሞተር ላይ የእራት ሳሕን የሚያህል የፍጥነት መቁጠሪያ ገጠመባት፤ ቁጥሩ እስከ 150 ይሄዳል። ሞተሯ የምትሮጠው 125 ገደማ ነው። የቀረውን 25 ማይል ለትዝታ የተዉላቸው ይመስለኛል።

በዚያው ዓመት አንዲት ቪንሰንት በእርግጥም 150 ማይል የገባችበት ቀን አለ፤ ያ ግን ከልብስ ጋር አልነበረም። ሮሊ ፍሪ የተባለ አሜሪካዊ፣ ዩታ ውስጥ ቦንቪል በሚባለው የጨው ሜዳ ላይ ለክብረ ወሰን ሲጋልብ፣ የቆዳ ልብሱን ነፋሱ ቀደደበት። ሰውየው ልብስ እንደሚያጓትተው ገባው። የቀረውን ሁሉ አወላልቆ፣ በዋና ቁምጣ፣ በገላ መታጠቢያ ቆብና በተዋሰው ሸራ ጫማ ሞተሯ ላይ በሆዱ ተኛ፤ እግሮቹን ወደ ኋላ ዘርግቶ ለቀቃት። መስከረም 13 ቀን 1948፣ 150.313 ማይል፤ 242 ኪሎ ሜትር ገደማ። ፎቶግራፉ በየሞተረኛው ጋራዥ ግድግዳ ላይ ይገኛል። ሰው በቁምጣ ጨው ላይ በዚያ ፍጥነት ሲበር አይቶ “ቢወድቅስ?” ብሎ ያልጠየቀ ኢትዮጵያዊ አላጋጠመኝም። እነሱ የሚጠይቁት ሌላ ነው፦ “ካርቡራቶሩን ምን ላይ አስተካክሎት ይሆን?”

አሁን ወደ ማስነሣቱ ልምጣ፤ ዋናው ጉድ ያለው እሱ ላይ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ በእኛ ቢሆን ጋሼ የምላቸው፣ ቢኤስኤ ጎልድ ስታር አላቸው። ቢኤስኤ በ1861 በበርሚንግሃም ጠመንጃ ሠሪዎች የተቋቋመ ኩባንያ ነው። ምልክቱም ተደጋግፈው የቆሙ ሦስት ጠመንጃዎች ናቸው፤ ሞተሩም ሲነሣ ድምፁ የዘሩን አይለቅም። አንድ ፒስቶን ብቻ ነው ያለው፣ ግማሽ ሊትር የሚያህል፣ የሚነሣውም በእግር ተረግጦ። በቅሎ የሚያውቅ ሰው ከኋላዋ እንደማይቆም ሁሉ፣ ጎልድ ስታርንም የሚያውቅ ሰው ዙሪያዋን በአክብሮት ነው የሚሄደው።

“ና ላሳይህ” አሉኝ ጋሼ። “መጀመሪያ ቤንዚኑን ትከፍታለህ። ከዚያ ካርቡራቶሯ ላይ ያለችውን ይህቺን እንቡጥ ቤንዚኑ ሞልቶ ጣትህን እስኪያርሰው ትጫናታለህ። ጣትህ ካልሸተተ ገና አልጀመርክም። በዚህ ምላጭ እሳቱን ታዘገያለህ። አሁን በእግርህ በቀስታ ግፋ፤ ጠጠረብህ አይደል? ፒስቶኑ ጫፍ ደርሷል ማለት ነው። ያችን ሌላዋን ምላጭ ሳብ አድርገህ ታስተነፍሰውና ከጫፉ ትንሽ ብቻ ታሳልፈዋለህ። እንዲያ ነው። ከዚያ ተነሥተህ ቆመህ፣ እስከ ታች፣ ሳትፈራ፣ በሙሉ ክብደትህ ትረግጣለህ።”

“ባትነሣስ?”

“ከመጀመሪያው።”

“እሳቱን ማዘግየት ብረሳውስ ጋሼ?”

ጋሼ አልመለሱልኝም። ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ያለውን የቆየ ጠባሳ አሳዩኝ። “1961” አሉ፤ ሌላው የሜዳሊያውን ዓመት እንደሚናገረው።

ይህን ሁሉ ካሳዩኝ በኋላ ራሳቸው ረገጧት። አልተነሣችም። ከመጀመሪያው። አልተነሣችም። ኮታቸውን አወለቁ። ሰው መሰብሰብ ጀመረ፤ ሁሉም ምክር አለው። አንዱ ቤንዚን በዛባት አለ፣ ሌላው አነሳት። አንዱ ካንዴላዋን ፈትቶ ሱሪው ላይ ጠረገው። በመጨረሻ ማንም ምንም ሳይነካ፣ እንዲሁ በራሷ ፈቃድ፣ ተነሣች። የመንደሩ ውሻ ሁሉ አብሮ ተነሣ። የጋሼን ፊት ያኔ ማየት ነበር! በቁልፍ ለምትነሣ መኪና እንዲህ ፊቱ የበራ ሰው አይቼ አላውቅም።

ቀጥሎ ዘይት አለ። የድሮ የእንግሊዝ ሞተር ከቆመበት ሲነሣ ቦታውን ምልክት አድርጎ ነው የሚሄደው። ምክንያቱን ጠይቄ ተረድቻለሁ። ሠሪዎቹ የሞተሩን ሆድ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ከፍለው ግራና ቀኙን በቡሎን ያጋጥሙት ነበር። ስፌቱ ታች ዘይቱ በሚተኛበት በኩል ያልፋል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ባለ ሁለት ሲሊንደሮች ሁለቱ ፒስቶኖች እኩል ወጥተው እኩል የሚወርዱ ስለሆኑ ይንቀጠቀጣሉ፤ ንቅጥቅጡ ቡሎኑን ያላላል፣ ጋርኒሲዮኑን ያደክማል፣ የአምፖሉን ክር ይበጥሳል። ነጂውም እስኪያልፍለት ድረስ እጁ ደንዝዞ ሻይ መያዝ ያቅተዋል። ሽማግሌዎቹ ግን ይህን እንደ ጉድለት አይቆጥሩትም። ዘይት ማንጠባጠብ ካቆመ ዘይቱ አልቋል ማለት ነው ይላሉ፤ ስለዚህ ጠብታው የጤና ምልክት ነው። በመብራቱም ቢሆን ይቀልዱበታል። የኤሌክትሪክ ዕቃውን ይሠራ የነበረውን የሉካስን ስም በሞተረኛ ቀልድ “የጨለማው ልዑል” ብለው ሰይመውታል፤ ይህን ቀልድ የማያውቅ የእንግሊዝ ሞተር ባለቤት የለም።

ከትዝታቸው ሁሉ እኔን ያስገረመኝ ግን የቄሱ ነገር ነው። ያን ጊዜ ጋዜጣው ሁሉ የቆዳ ጃኬት የለበሰ ወጣትን እንደ ሽፍታ ይጽፍበት ነበር። ቢል ሸርጎልድ የሚባሉ፣ ራሳቸውም ሞተር የሚነዱ የአንግሊካን ቄስ፣ ኤስ ካፌ ድረስ ሄደው እነዚህን ልጆች ቤተ ክርስቲያን ኑ አሏቸው። መጡ። ሞተሮቻቸውን ሳይቀር ይዘው ገቡ፣ ቄሱም ባረኩላቸው። “59” የሚባለው የወጣቶች ክበብ እንዲህ ሆኖ የሞተረኞች መናኸሪያ ሆነ፤ ዛሬም አለ። እኛ ጫማችንን አውልቀን የምንገባ ሰዎች፣ ዘይት የሚያንጠባጥብ ትራያምፍ መቅደስ ፊት ቆሞ ስናስበው በስመ አብ ማለታችን አይቀርም። ሆኖም አንዱ ሽማግሌ እንዲህ አሉኝ፦ “ከዚያ በፊት ማንም የትም ግቡ ብሎን አያውቅም ነበር።” ይህን ሲሉ ስለ ሞተር ብልሽት አላነሡም፤ ሳያነሡ የተናገሩት ብቸኛው ዓረፍተ ነገር ይመስለኛል።

ሃይማኖት ካነሣን ዘንድ፣ የዓረቢያው ሎሬንስ የሚባለው ዝነኛ መኮንን ሞተሩን ቦአኔርጌስ ብሎ ነበር የሚጠራት፤ ጌታ ለዘብዴዎስ ልጆች ያወጣላቸውን ስም። ሞተሮቹ በኖቲንግሃም በጆርጅ ብራፍ የሚሠሩት ብራፍ ሱፒሪየር ነበሩ። ሎሬንስ አንዷ ስታረጅ ሌላ እየገዛ ሰባት አዳርሷል፤ ስምንተኛዋንም አዝዞ ነበር። ሳትደርስለት ቀረች። በ1935 በግንቦት ወር ሁለት ብስክሌት የያዙ ልጆችን አድናለሁ ሲል ወደቀ፣ ከስድስት ቀን በኋላ ሞተ። ያከመው የጭንቅላት ሐኪም ሂዩ ኬርንስ ነገሩ አልወጣለት አለና ስለ ሞተረኞች የራስ ጉዳት ማጥናት ጀመረ፤ ዛሬ በየመንገዱ የምናየው ሄልሜት የዚያ ጥናት ዕዳ አለበት። በእንግሊዝ ግን ለሲቪሉ ግዴታ የሆነው በ1973 ነው። እስከዚያ ድረስ ጋሼና ጓደኞቻቸው ፀጉራቸውን በቅባት አስተኝተው ነበር የሚበሩት። ዛሬ ሄልሜቱ አለ፤ ፀጉሩ ነው የሌለው።

ውድድር ያልተነሣበት ቅዳሜ የለም፤ ውድድር ሲባልም አይል ኦፍ ማን ነው። በ1907 በእንግሊዝ ሕጉ ከ20 ማይል በላይ መንዳት ስለሚከለክል፣ የራሷ ምክር ቤት ያላት ይህች ደሴት መንገዷን ዘግታ ኑ ተሽቀዳደሙብኝ አለች። ዛሬም ከከተማ ውጭ አጠቃላይ የፍጥነት ገደብ የላትም። በመጀመሪያው ውድድር ያሸነፈው ቻርሊ ኮሊየር አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 38 ማይል ነበር፤ አሁን ፒሳ የሚያደርስ ልጅ ይቀድመዋል። የሽማግሌዎቹ ጀግና ግን እሱ አይደለም። በባለ ሁለት ሲሊንደሮቹ ምድብ ያሸነፈው ሬም ፋውለር ነው፦ ካንዴላው አስቸገረው፣ ቺንጋው አስቸገረው፣ ጎማው ፈነዳበት፣ ደጋግሞ ቆመ፣ ደጋግሞ ጠገነ፣ ብራንዲውንም ጨለጠ ይባላል፤ አሸነፈ! ተበላሽቶ ማሸነፍ ማለት ይህ ነው። የነዳው ኖርተን ነበር። የኖርተኑ ሆድ ግን የፈረንሳዩ የፔጆ ነበር፤ ይህን ዝርዝር እኔ ካላነሣሁት ማንም አያነሣውም።

ዋናው የተራራ ዙር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ200 በላይ ኩርባ አለው፤ መንደር ውስጥ፣ በቤት ደጃፍ፣ በድንጋይ አጥር ሥር ያልፋል። ከ250 በላይ ተወዳዳሪዎች ሞተውበታል። በ1972 ጓደኛው ጂልቤርቶ ፓርሎቲ ሲሞት፣ የዘመኑ አንደኛ ጣሊያናዊው ጃኮሞ አጎስቲኒ ሁለተኛ እዚህ አልወዳደርም አለ፤ በ1976 ውድድሩ ለመጨረሻ ጊዜ ለዓለም ሻምፒዮና ተቆጠረ። እዚህ ላይ ሲደርሱ ሽማግሌዎቹ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፣ ሁሉም የሚያውቀው ሰው አለ፤ ማንም የሞተውን ሰው ፍጥነት አይጨምርም። ደሴቲቱ ላይ ተረት ፍጥረቶች የሚኖሩበት ድልድይ አለ፤ ሲያልፉ ሰላም ካላሏቸው ክፉ ዕድል ያመጣሉ ይባላል። የኬምብሪጅ ዲግሪ ያለው ሞተረኛ አንገቱን ዝቅ አድርጎ “እንደምን አላችሁ” ብሎ ያልፋል። እኛን ስለ ቡዳ የሚጠይቁን እነሱ ናቸው!

ከሁሉ የሚጣፍጣቸው የ1978ቱ ነው። ማይክ ሄይልውድ ደሴቲቱ ላይ ከተወዳደረ 11 ዓመት አልፎት፣ በ38 ዓመቱ፣ ራሰ በራ ሆኖ ተመለሰ፤ በዱካቲ አሸነፈ። አንዱ ሽማግሌ እዚያ ነበርኩ ይላሉ።

“አዩት?”

“አንድ ዙር ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ሃያ ደቂቃ ትጠብቃለህ፣ አንድ ሴኮንድ ታያለህ።”

“እሺ፣ በዚያች ሴኮንድ አዩት?”

“አስነጠሰኝ።”

ሁሉም ሰው የሸጠው ሞተርም አለው። የበኩር ልጅ ሲመጣ ሞተር ይሄዳል፤ ይህ በሁሉም ቤት የሆነ ነው። ያኔ በትንሽ ገንዘብ የተሰጠው ቪንሰንት ዛሬ የጥሩ መኪና ዋጋ ሲጠራበት ይሰማሉ። አንዱ ልጃቸው ስልሳ ሊሞላው ነው፣ አንዳንድ ጊዜ አብሯቸው ይመጣል፤ አባትየው በዓይናቸው ሲመዝኑት ያየኋቸው ይመስለኛል።

በቅርቡ ደግሞ መንግሥት ሳይወድ ደግ ሆኖላቸዋል። በእንግሊዝ አርባ ዓመት የሞላው ተሽከርካሪ የመንገድ ግብር አይከፍልም፣ የዓመት ምርመራ ግዴታ የለበትም፣ ለንደን ውስጥም በጭሱ አይቀጣም። ማርጀት እንዲህ የሚያስከብርበት ሌላ ቦታ አላየሁም። ጎረቤቴ አርባ ዓመት ያልሞላው መኪናውን የጭስ ቅጣት ፈርቶ ሲሸጥ፣ ጋሼ ሰፈሩን በሰማያዊ ጭስ እያጠኑ በነፃ ያልፋሉ።

ይህ ሕግ ግን አንድ መዘዝ ይዞ መጣ፤ የጃፓን ሞተሮችም አረጁ። ጉዳዩ እንዴት ስስ እንደሆነ ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ሆንዳ ደሴቲቱ ላይ በ1959 ብቅ ሲል በትንንሾቹ ሞተሮች ምድብ ስድስተኛ፣ ሰባተኛና ስምንተኛ ወጥቶ የቡድን ሽልማት ወሰደ። በሁለተኛው ዓመት ተመልሶ፣ በ1961 አሸነፈ፤ ነጂው ደግሞ ያው የእነሱው ሄይልውድ። “ቀድተውብን ነው” የሚሉ አሉ። የሚሉት ሰዎች መንዳት የተማሩባት፣ ቴሌግራም አድራሹ ሁሉ ይነዳት የነበረችው የቢኤስኤ ባንታም ግን ራሷ ከጀርመኑ ዲካቬ የተቀዳች ናት፤ ከጦርነቱ በኋላ ንድፉ የካሳ ያህል ተወስዶ። ያማሃም የመጀመሪያ ሞተሩን በ1955 ሲሠራ ያችኑ ጀርመን ነው ያየው። በ1969 ሆንዳ ሲቢ 750 ወጣች፦ አራት ሲሊንደር፣ ከፊት የዲስክ ፍሬን፣ በአውራ ጣት የምትነሣ። ሆዷ የተከፈለው በአግድም ስለሆነ ዘይት የምታፈሰው ባለቤቷ ሲቀይርላት ብቻ ነበር። ቢኤስኤ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም።

ባለፈው በጋ አንዲት ሲቢ 750 ካፌው ደጃፍ ቆመች። የመጣባት ሰው ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ጎረምሳ ነው። “የአባቴ ነበረች” አለ። ሽማግሌዎቹ “ጥሩ ማሽን ነው” አሉት። እንግሊዞች ይህን ቃል ሲናገሩ ፊታቸውን ያላየ ሰው ምስጋና ይመስለዋል።

“ሁልጊዜ በመጀመሪያው ትነሣለች” አለ ልጁ ደስ ብሎት።

“ምስኪን” አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

ሻይ ታዘዘ። ልጁ ጥግ ላይ ብቻውን ተቀመጠ፤ ማንም የሚጠይቀው ነገር አጣ። እኔ ግን አየሁ፣ ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ሽንት ቤት የሚሄዱ መስለው ይወጣሉ፣ ሞተሯ ጋ ሲደርሱ የጫማ ክራቸው ይፈታል፣ ጎንበስ ይላሉ። ጋሼ አራተኛ ወይ አምስተኛ ሆነው ወጡ፤ ቶሎ አልተመለሱም። ጉልበታቸው እሺ እንዳላላቸው ጠርጥሬ ልረዳቸው ወጣሁ። አስፋልቱ ላይ ተንበርክከው በጣታቸው የሆነ ነገር ነክተው ያሸቱ ነበር።

“ዘይት!” ብለው ጮኹ።

ካፌው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ልጁ አፍሮ በመሐረብ ሊጠርገው ጎንበስ ሲል ሁለት ሰዎች ክንዱን ያዙት። “ተው፣ እንዳትነካው!” አሉት። አንዱ ወንበር አመጣለት፣ አንዱ ሻይ ደገመለት፣ ጋሼም ዘይት የነካ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አድርገው ከጎኑ ተቀመጡ።

“በል እስቲ ልጄ፣ ከመጀመሪያው ንገረን። መቼ ነው የጀመራት?”